የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ስትለኩ ዋናው ጣጣ ናሙናው ላይ ነው

ኤክስሬይ ጠጣር ነገር ላይ ሲያርፍ የአተሞቹ ኤሌክትሮኖች ከፊሉን ጉልበቱ ሳይቀንስ መልሰው ይበትኑታል፣ ኢላስቲክ የሚባለው ይሄ ነው። አተሞቹ በስርአት የተደረደሩ ከሆነ ደግሞ የተበተነው ሞገድ በተወሰኑ አንግሎች ላይ ብቻ ይደራረብና ይጠነክራል፣ እኛም የምንፈልገው እነዛን ፒኮች (ግራፉ ላይ ብድግ ብለው የሚወጡትን ጫፎች) ነው። ጉልበት አጥቶ የሚወጣው (ኮምፕተን) ፒክ አይሰራም፣ ባክግራውንድ (ከፒኮቹ ስር ያለው ወለል) ውስጥ ይገባል።

መጀመሪያ ናሙናውን በአጌት (ጠንካራ ድንጋይ) ሙቀጫ ፍጩት፣ በጣታችሁ ስታሹት አሸዋ አሸዋ ማለቱን እስኪተው ድረስ፣ ከ10 ማይክሮን በታች ቢሆን ጥሩ ነው ምክንያቱም ትልልቅ ቅንጣት ካለ የፒኮቹ ቁመት አይታመንም። ከዛ ሆልደሩ (የናሙና መያዣው) ውስጥ ሙሉትና በመስታወት ስላይድ ጠርዝ ትርፉን ጥረጉት፣ ግን በሀይል አትጫኑት፣ ዝርግ ዝርግ ቅንጣቶች ካሉት ሁሉም ይጋደሙና አንዳንዱ ፒክ ያለልክ ይገዝፋል።

አሁን አደራ የምላችሁ የዱቄቱ ከፍታ ነው!! ፊቱ ከሆልደሩ ጠርዝ ጋር እኩል መሆን አለበት። 0.1 ሚሊሜትር ዝቅ ካለ፣ ዲቴክተሩ (ጨረሩን የሚቀበለው) ከናሙናው 200 ሚሊሜትር ርቀት ላይ ከሆነ፣ ፒኮቹ 0.06 ዲግሪ ገደማ ወደ ትንሹ አንግል፣ ማለትም ወደ ግራ ይሸሻሉ። እኔ አንዴ ሁሉም ፒክ ወደ ግራ ሄዶብኝ ክሪስታሉ የሰፋ መስሎኝ ሁለት ቀን ሙሉ ስሌት ስሰራ ከረምኩ፣ ለካ ዱቄቱ ሰርጎ ነው። ስለዚ ሁሌ መጀመሪያ የሲሊከን ዱቄት ለኩ፣ በኮፐር ቲዩብ (ኤክስሬዩን የሚያመነጨው ቱቦ፣ የሞገድ ርዝመቱ 1.5406 አንግስትሮም) የመጀመሪያው ፒክ 28.44 ዲግሪ ላይ ካልመጣ አላይመንቱን (የመሳሪያውን አሰላለፍ) ሳታስተካክሉ ወደ ናሙናችሁ አትለፉ። ከተጠራጠራችሁ ትንሽ ሲሊከን እዛው ናሙናው ውስጥ ቀላቅሉና ለኩ፣ ሁለቱም አብረው ስለሚሸሹ ስህተቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ስካኑ 40 ኪሎቮልት 40 ሚሊአምፔር፣ ከ10 እስከ 90 ዲግሪ፣ ስቴፑ (በየስንት ዲግሪው እንደሚለካ) 0.02 ቢሆን ለብዙ ነገር ይበቃል። በር ከመክፈታችሁ በፊት ሻተሩ (የጨረሩ መዝጊያ) መዘጋቱን እዩ።

ብረት (አይረን) የበዛበት ናሙና ከሆነ ግን በኮፐር አትድከሙ። የኮፐር ጨረር 8.05 ኪሎኤሌክትሮንቮልት ነው፣ ብረት ደግሞ ከ7.11 በላይ ያለውን ይውጥና የራሱን ጨረር ይተፋል፣ ባክግራውንዱ ከፍ ብሎ ትንንሾቹን ፒኮች ይሸፍናቸዋል። ኮባልት ቲዩብ ካለ እሱን ተጠቀሙ፣ 6.93 ስለሆነ ብረቱን አይነካካውም። ቲዩብ ስትቀይሩ የሞገድ ርዝመቱ 1.789 አንግስትሮም ስለሚሆን ሁሉም ፒክ ቦታውን ይቀይራል፣ ሶፍትዌሩ ላይ ቁጥሩን መቀየር እንዳትረሱ።