ዊሊስ ጂፕን በብዕርና በውሃ ቀለም እንዴት መሳል ይቻላል

የድሮ ወታደራዊ ተሽከርካሪ መሳል ለሚጀምር ሰው ከዊሊስ ኤምቢ ጂፕ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል። ታንክ ሰንሰለቱ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ጂፑ ግን ከዝርዝሩ ሲራቆት አንድ ሳጥንና አራት ጎማ ነው። ቀላል ስለሚመስል ብዙ ሰው ቸኩሎ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። ፍርግርጉን፣ ኮከቡንና አካፋውን አሳምሮ ሲጨርስ መኪናው መሬት ያልነካ፣ ጎማው ወደ ውጭ የተገነጠለ ይመስላል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ጎማው ላይ ነው፤ እዚህም ረጅሙ ክፍል የጎማው ነው።

የትኛውን ጂፕ ነው የምትስሉት?

ኤምቢ የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1945 በኦሃዮ ግዛት ቶሊዶ ከተማ በሚገኘው የዊሊስ ኦቨርላንድ ፋብሪካ ነው። ፎርድም ያንኑ መኪና ጂፒደብሊው በሚል ስም ሠርቷል። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው የሲቪሉ ጂፕ በጣም ስለሚመሳሰል ፎቶ ስትፈልጉ ይቀላቀልባችኋል። መለያው ፍርግርጉ ነው፦ የጦሩ ጂፕ 9 ቀዳዳ አለው፣ የሲቪሉ 7። የጦሩ የፊት መብራቶች ትንንሽ ናቸው፤ ከፍርግርጉ ወደ ውስጥ ገባ ብለውም ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ላይ የወጡት ኤምቢዎች ደግሞ በታተመ ቆርቆሮ ፋንታ ከብረት ዘንግ የተበየደ ፍርግርግ ነበራቸው።

በኮሪያ የዘመተውን የቃኘው ሻለቃ ጂፕ መሳል የፈለገ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። ሻለቃው ኮሪያ የደረሰው በ1951 ነው፤ በዚያን ጊዜ ኤም38 የተባለው አዲሱ ጂፕ ከኤምቢ ጎን ለጎን ያገለግል ነበር። ኤምቢ የፊት መስታወቱ ለሁለት የተከፈለ ነው። ኤም38 አንድ ወጥ መስታወት፣ ወጣ ያሉ ትልልቅ መብራቶችና የመብራት መከላከያ ብረት አለው። ከሁለቱ ፎቶ እየቀነጨቡ አንድ መኪና መገጣጠም የለም።

ለፎቶ የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይበቃሉ። የጦሩ ፎቶ አንሺዎች በሥራ ላይ ሆነው ያነሷቸው በዚያ አገር የቅጂ መብት የለባቸውም። አንዳንዱ ፎቶ ግን ተገልብጦ የታተመ ነው። አካፋና መጥረቢያው መታሰር ያለበት በሾፌሩ በኩል፣ በግራ ጎን ነው። በኮፈኑ ጎን ያለው ቁጥር ደግሞ በ20 ይጀምራል። እነዚህን ሳታዩ እርሳስ አታንሱ።

ዕቃ

ኤ3 መጠን ያለው በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የውሃ ቀለም ወረቀት፣ 2ኤችና ኤችቢ እርሳስ፣ ለስላሳ ላጲስ፣ ውሃ የማያስለቅቀው ጥቁር ብዕር በ0.1፣ በ0.3ና በ0.5፣ ቁጥር 4ና 8 ብሩሽ። ከቀለም የሎው ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ ጥቁር፣ በርንት አምበር (ጥቁር ቡናማ)፣ አልትራማሪን ሰማያዊና ነጭ ጓሽ (ሥሩን የሚሸፍን ወፍራም የውሃ ቀለም) ይበቃል። ሃያ አራት ቀለም ያለበት ሳጥን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ለዚህ መኪና አብዛኛውን አትነኩትም። 300 ግራም ወረቀት ከጠፋ ቀጭኑን አርሳችሁ ጣውላ ላይ በወረቀት ፕላስተር ዙሪያውን ለጥፉና ሲደርቅ ሥሩበት፤ አለዚያ ይጨማደዳል።

ሳጥኑ

መለኪያችሁ ጎማው ይሁን። የጂፑ ጎማ 6.00-16 ነው፤ ቁመቱ 71 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 203 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሦስት ጎማ ለመሙላት ትንሽ ይጎድለዋል። ጠቅላላ ርዝመቱ አራት ጎማ ተኩል ገደማ፣ ስፋቱ ሁለት ጎማና ትንሽ ነው። ጂፕ ሲሳል የሚረዝመው ለዚህ ነው፤ ዓይናችን ዛሬ የለመደው ረጅም መኪና ነውና እጃችን ሳናውቀው ይጎትተዋል።

የአድማሱን መስመር፣ ማለትም የዓይናችሁን ከፍታ የሚያሳየውን አግድም መስመር፣ ከመወሰናችሁ በፊት የኮፈኑን ኮከብ ማሳየት አለማሳየታችሁን ወስኑ። ኮፈኑ ከመሬት አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ዓይናችሁን እዚያው ከፍታ ላይ ካደረጋችሁ መኪናው ግዙፍና ቁጡ ይሆናል፤ የኮፈኑ ገጽ ግን ወደ ቀጭን መስመር ይለወጥና ኮከቡ ይጠፋል። ቆሞ የሚያይ ሰው ዓይን፣ ወደ 160 ሳንቲ ሜትር፣ ለኮከቡ ይመቻል።

መኪናውን ከፊትና ከጎን በአንድ ላይ ስትስሉ በአድማሱ መስመር ላይ ሁለት የመጥፊያ ነጥቦች፣ ማለትም ትይዩ መስመሮች እየራቁ ሲሄዱ የሚገናኙ የሚመስሉባቸው ነጥቦች፣ ያስፈልጓችኋል። መኪናው ወረቀቱ ላይ 25 ሳንቲ ሜትር የሚይዝ ከሆነ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ይኑር። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ለጥፋችሁ ነጥቦቹን ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ፣ ክርም ዘርጉባቸው። ነጥቦቹ ወረቀቱ ውስጥ ይግቡልኝ ብሎ ማቀራረብ የፊቱን ማዕዘን እንደ አፍንጫ ያሾለዋል። ከሁለት ሜትር ርቀት በስልክ የተነሳ ፎቶም ልክ እንዲሁ ያደርጋል፤ እንዲህ ያለውን ፎቶ ለመነሻ አትጠቀሙበት።

ጎማዎቹ

ክብ ነገር በሰያፍ ሲታይ ሞላላ ይሆናል። ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚያሳስተው የሞላላው አቀማመጥ ነው። አብዛኛው ሰው ሞላላውን ቀጥ አድርጎ እንደ እንቁላል ያቆመዋል፤ ጎማው የተገነጠለ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ትክክለኛው ሕግ ይህ ነው፦ የሞላላው አጭር ወገብ ሁልጊዜ በአክስሉ መስመር ላይ ይተኛል። ረጅሙ ወገብ ለአክስሉ መስመር ቀጤ ነው እንጂ ለመሬቱ አይደለም። ስለዚህ ከሞላላው በፊት አክስሉን ሥሩ። የፊቱ አክስል የሁለቱን የፊት ጎማዎች መሐል አገናኝቶ፣ የመኪናው ወርድ ወደሚያመራበት የመጥፊያ ነጥብ ይሄዳል። አክስሉ ከመሬት 35 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነ፣ ዓይናችሁ ደግሞ ከዚያ በላይ ስለሆነ መስመሩ ወደ አድማሱ ሽቅብ ይወጣል። ሽቅብ ከወጣ ሞላላውም ዘመም ይላል። ዘመም ማለቱ መጀመሪያ ላይ ስህተት ይመስላችኋል፤ አታቃኑት።

አሠራሩ፦ በመኪናው ጎን ገጽ ላይ ጎማውን የሚይዝ አራት ማዕዘን በእይታ ሕግ (አግድም ጎኖቹ ወደ መጥፊያ ነጥባቸው እያመሩ) ሥሩ፣ ሰያፎቹን አቋርጡና መሐሉን አግኙ። በመሐሉ የአክስሉን መስመር አሳልፉ፣ ቀጤውን በቀጭኑ አስምሩ፣ ከዚያ አራቱንም ጎን መሐል ለመሐል የሚነካ ሞላላ በ2ኤች እርሳስ ደጋግማችሁ ክንዳችሁን ከትከሻ እያንቀሳቀሳችሁ አዙሩ። በሰያፎቹ ያገኛችሁት መሐል ከሞላላው የራሱ መሐል ጋር በትክክል አይገጥምም፤ የሞላላው መሐል ወደ እናንተ ትንሽ ይቀርባል። ይህ ልዩነት ሲታያችሁ ተሳሳትኩ ብላችሁ አትደልዙ።

የኋላው ጎማ የፊቱ ቅጂ አይደለም። ከእናንተ ሲርቅ ማነሱ የታወቀ ነው። ከማነሱም ሌላ ይጠብባል፤ ጎኑ ወደሚያመራበት የመጥፊያ ነጥብ በቀረበ ቁጥር ጎማው ስለቱን ወደማሳየት ይጠጋልና። የፊቱን ሞላላ አሳንሶ ኋላ መለጠፍ መኪናውን መሐል ላይ የተጠማዘዘ ያስመስለዋል። የፊት ጎማዎቹ በመሪ ከዞሩ ደግሞ አጭር ወገባቸው የራሱን አዲስ የመጥፊያ ነጥብ ይይዛል፤ ነጥቡ ግን ከዚያው ከአድማስ መስመር አይወጣም።

ቀጥሎ ውፍረቱ ነው። የጎማው ስፋት 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የቁመቱ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ሁለተኛውን ሞላላ በአክስሉ መስመር ላይ ያን ያህል ወደ ውስጥ ገፍታችሁ ሥሩና በጠርዙ አገናኙት። ቸርኬው ከጎማው ቁመት ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል፤ 16 ኢንች ከ28 ማለት ነው። እሱም በዚያው አክስል ላይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይቀመጣል። የጎማውን ጥርስ ሁሉንም አትሥሩ። ወፍራም ናቸው፣ ከግራና ከቀኝ እየተፈራረቁ ይመጣሉ፤ ብርሃኑ የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ አምስት ስድስቱን ካሳያችሁ ዓይን ቀሪውን ይሞላል። የታችኛውን ጠርዝ መሬት በሚነካበት ቦታ ጥቂት ጨፍልቁት። ክብደት የሚመጣው ከዚያች ጭፍለቃ ነው።

ገበያ ላይ ያለው የፕላስቲክ ሞላላ ማውጫ ለቸርኬና ለመብራት ይረዳል። ለጎማው አልመክረውም፤ ስፋቱ ከምትፈልጉት ጋር እምብዛም አይገጥምም፣ ሰውም ላዩ ላይ ያለውን መስመር ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር ያስተካክልና ወደ ቆመው እንቁላል ይመለሳል። ስትጨርሱ ፎቶ አንስታችሁ ስልኩ ላይ ግራና ቀኙን ገልብጡት። የተንጋደደ ጎማ ካለ ወዲያው ያጋልጠዋል።

ዝርዝሩና ብዕሩ

ፓራፋንጎዎቹ ጠፍጣፋ ናቸው፤ አታጉብጧቸው። በግራው ፓራፋንጎ ላይ ጠላት እንዳያይ ሌላው መብራት ሲጠፋ የሚሠራው ትንሽ መብራት አለ። ስኮርታው ከኋላ ወደ ቀኝ፣ ጀሪካኑ ወደ ግራ። ፍርግርጉ ቀዳዳ ብቻ አይደለም፣ የቆርቆሮው ጠርዝ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው፤ በእያንዳንዱ ቀዳዳ በአንዱ ጎን ቀጭን ብርሃን ካልተዋችሁ የተሳለ አጥር ይሆናል።

ብዕሩን በቁራጭ ወረቀት ፈትሹት፦ አስምሩ፣ አሥር ደቂቃ ቆዩ፣ በእርጥብ ብሩሽ እለፉበት። ካስለቀቀ አትጠቀሙበት። 0.5ን ለጎማና ለመኪናው ሆድ፣ 0.3ን ለአካሉ፣ 0.1ን ለፍርግርጉና ለቡሎኑ። ማስመሪያ በእርሳሱ ላይ ይብቃ፤ ብዕሩ በነፃ እጅ ይሂድ፤ በማስመሪያ የተሰመረ ጂፕ የመመሪያ መጽሐፍ ሥዕል ይመስላል።

ቀለሙ

ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን አረንጓዴ አታውጡ፤ መጫወቻ ያደርገዋል። ሦስት እጅ የሎው ኦከር፣ አንድ እጅ ጥቁር ቀላቅሉ። ቢጫና ጥቁር ሲገናኙ የወይራ አረንጓዴ ይወጣል፤ የጦሩ ኦሊቭ ድራብም በዚያው አካባቢ ያለ ቀለም ነው። በጣም ከለመለመ በርንት አምበር ጠብ አድርጉበት። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ስለሚደበዝዝ በቁራጭ ላይ አድርቃችሁ ፍረዱ።

የመጀመሪያውን ስስ ቀለም በሙሉ አካሉ ላይ፣ ኮከቡን ብቻ ትታችሁ አሳልፉ። ሲደርቅ ጎኑን በሁለተኛ፣ ሥሩንና ውስጡን በሦስተኛ አጨልሙ። ኮፈንና ፓራፋንጎ ሰማይ የሚያዩ ስለሆኑ ብሩህ ሆነው ይቀራሉ። ግማሽ የደረቀ ቀለም ላይ ብሩሽ አትመልሱ፤ የጎመን ቅጠል የመሰለ ጠርዝ ያወጣና አይታረምም። ቀለሙ አብረቅራቂ ያልሆነ ስለነበር ነጭ ብልጭታ በአካሉ ላይ የለም፤ ብልጭታ ለመስታወትና ለመብራት ብቻ። ለጎማው ንጹሕ ጥቁር ሳይሆን የአልትራማሪንና የበርንት አምበር ድብልቅ። ከመኪናው ሥር ያለው ጥላ የሥዕሉ ጨለማ ሁሉ መሪ ነው፤ በተለይ ጎማው መሬት በሚነካበት።

ለኮከቡ ወረቀቱን ነጭ አድርጎ መተው ይሻላል፤ በወይራው ላይ የተቀባ ጓሽ ግራጫ ይሆናል። ቅርጹን ለማግኘት በቁራጭ ወረቀት ላይ ቀጥ ያለ ኮከብ በአራት ማዕዘን ውስጥ ሥሩ፣ አራት በአራት ክፈሉት፣ ያንኑ መረብ በኮፈኑ ላይ በእይታ ሕግ ዘርጉና ነጥብ በነጥብ አሻግሩ። የ1944ቱን የኖርማንዲ ዘመቻ ከሆነ የምትስሉት በኮከቡ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ጨምሩ።

አቧራው የመጨረሻ ነው። ውሃ የበዛበት ኦከር በጥርስ ብሩሽ ከጎማው ጀርባና ከአካሉ ሥር እርጩ፣ ኮፈኑን በወረቀት ሸፍናችሁ። ዝገት አትጨምሩ። በአገልግሎት ላይ ያለ ጂፕ ቀለሙ ይላጣል፣ ጭቃ ይይዘዋል እንጂ እንደተጣለ ብረት አይዝግም፤ ዝገት የሚስማማው ሜዳ ላይ ተጥሎ የቀረውን ስትስሉ ነው።

ከማተማችሁ በፊት በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጉት። ስልክ ኦሊቩን ወደ ቡናማ ይወስደዋልና፣ ስልክ ብቻ ካላችሁ በደመናማ ቀን በመስኮት አጠገብ፣ ነጭ ወረቀት አጠገቡ አድርጋችሁ አንሱና ነጩን ነጭ እስኪሆን አስተካክሉት።