የዓለም አቀፍ ጭነት ልቀትና ማኅበራዊ ተጽዕኖ ሲለካ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጭነት ጨረታ ሰነድ ላይ ከዋጋና ከመድረሻ ቀን ቀጥሎ ሁለት ዓምዶች መጨመር ተለምዷል፤ አንዱ የካርቦን ልቀት፣ ሌላው ማኅበራዊ ተጽዕኖ። ዓምዶቹ ባዶ ሆነው አይመጡም፤ እንዲያውም እስከ ሁለት አሥርዮሽ ድረስ ተሞልተው ነው የሚመጡት። እኔ ግን ቁጥሩን ከማየቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ አጓጓዡን ብንቀይር፣ መስመሩን ብንቀይር፣ ከአውሮፕላን ወደ መርከብ ብንዞር ይህ ቁጥር ይነቃነቃል ወይ? ከተነቃነቀስ በትክክለኛው አቅጣጫ ነው ወይ? ይህን የማያልፍ ልኬት ለዓመታዊ ሪፖርት ማስጌጫ ይሆን እንደሆነ እንጂ ጭነት ለሚገዛ ሰው አይረባም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ልቀትን ከተከፈለው ገንዘብ ማስላት

ይህን ማየት ሰልችቶኛል። የሚወደደው ቀላል ስለሆነ ነው፦ ከሂሳብ ክፍል የዓመቱን የጭነት ወጪ ትወስዳላችሁ፣ «ለአንድ ዶላር ይህን ያህል ኪሎ ግራም» በሚል ማባዣ ታበዛላችሁ፣ ከምሳ በፊት ሥራው ያልቃል።

እስቲ 2021ን አስታውሱ። ወደቦች ተጨናንቀው፣ ኮንቴይነር ጠፍቶ፣ የአንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር አማካይ የዕለት ገበያ ዋጋ በሴፕቴምበር ከ10,000 ዶላር አልፎ ነበር። በኦክቶበር 2023 ደግሞ ከ1,500 ዶላር በታች ወረደ። መርከቡ ያው፣ ነዳጁ ያው፣ ዕቃውም ያው። በገንዘብ ያሰላ ሰው ግን ልቀቱን ከስድስት እጥፍ በላይ «ቀንሷል»። ሰነዱን ያየሁለት አንድ አስጫኝ ኩባንያ ይህንኑ ቅናሽ በሪፖርቱ ፊት ገጽ ላይ አውጥቶት ነበር፤ የኃላፊዎቹ የዓመት ጉርሻም ከእሱ ጋር ታስሯል። የጭነት ሰነዶቹን ስናገላብጥ የተላከው ቶን ጨምሯል፣ የአየር ጭነቱም ጨምሯል። የቀነሰው የመርከብ ኪራይ ብቻ ነው።

ከዚህም የሚብሰው ገዢውን ወዴት እንደሚገፋው ነው። አንድ አጓጓዥ ንጹሕ ነዳጅ ተጠቅሞ ትንሽ ዋጋ ቢጨምር በዚህ ስሌት የበለጠ በካይ ሆኖ ይታያል። ሌላው የሾፌሮቹን ደመወዝ ቆርጦ ዋጋ ቢያወርድ ደግሞ «አረንጓዴ» ይባላል። ማለትም በአንዱ ዓምድ የምትሸልሙትን ሰው በሌላው ዓምድ ልትቀጡት ይገባ ነበር። ሁለቱን ዓምዶች የሚሞሉት ሰዎች በተለያየ ክፍል ስለሚቀመጡ ይህን የሚያስተውል የለም።

«ግን እኮ ይፈቀዳል» የሚል መልስ እሰማለሁ። አዎ፣ ድርጅቶች ልቀታቸውን የሚያሰሉበት ዓለም አቀፍ ማዕቀፍ የሆነው የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል ለስኮፕ 3 (በአቅራቢዎችና በደንበኞች በኩል ለሚወጣ ልቀት) በሰጠው መመሪያ ውስጥ በነዳጅ ማስላት፣ በርቀት ማስላትና በወጪ ማስላት ሦስቱም ተቀምጠዋል። በወጪ ማስላቱ የመጀመሪያ ማጣሪያ ነው፤ ሌላ መረጃ ሲጠፋ ከባዱ ልቀት የት አካባቢ እንዳለ ለማሽተት ይጠቅማል። ሁለት ተጫራቾችን ለማወዳደር የሚያገለግል ግን አይደለም። የቶንና የኪሎ ሜትር መረጃ ደግሞ እንደሚባለው የራቀ አይደለም፤ በጭነት ሰነዱ ላይ ክብደቱም፣ መነሻውም፣ መድረሻውም ተጽፏል። አስቸጋሪው ነገር ከኤክሴል ወጥቶ ወደ ጭነት ክፍል መሄዱ ነው።

ሁለት ዓይነት ርቀት፣ ሁለት ዓይነት ክብደት

በ2023 የወጣው አይኤስኦ 14083 (የትራንስፖርት ልቀት የሚሰላበት ዓለም አቀፍ ደረጃ) ርቀትን በተመለከተ ግልጽ ነው፦ ወይ አጭሩን ሊሄዱበት የሚቻል መንገድ፣ ወይ በምድር ክብነት ላይ የሚለካውን ቀጥተኛ ርቀት ትወስዳላችሁ። መርከቡ በእውነት የዞረው ዙረት በልቀት ማባዣው ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል፤ በባሕር ጭነት የተለመደው ማስተካከያ 15 በመቶ ነው። ጀማሪው ግን ከመርከብ መከታተያ ያገኘውን ትክክለኛ ርቀት ያመጣና ማስተካከያው ቀድሞ በተካተተበት ማባዣ ያበዛዋል። ጥንቃቄ ያደረገ መስሎት ዙረቱን ሁለት ጊዜ ቆጠረው።

የቀይ ባሕር የጸጥታ ችግር ይህን ስህተት አባብሶታል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ብዙ የኮንቴይነር መርከቦች የስዊዝን ቦይ ትተው በመልካም ተስፋ ርእሰ ምድር ዞረዋል፤ ከምሥራቅ እስያ ወደ ሰሜን አውሮፓ ለሚሄድ ጉዞ ከ3,000 የባሕር ማይል በላይ ጭማሪ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ ይህ ጭማሪ በስሌታችን ውስጥ የት ነው ያለው? በርቀቱ ውስጥ ነው ወይስ በማባዣው? የትም ከሌለ ዙረቱ ተሰውሯል፤ ሁለቱም ጋ ካለ ተደግሟል። አጓጓዡም ሆነ ሶፍትዌር ሻጩ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ካልቻለ ቁጥሩን አትቀበሉ። የባሕር ማይልን ኪሎ ሜትር ብሎ ማስገባትም አለ፤ አንዱ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሌላ የምለው የለኝም።

በክብደት በኩል የአየር ጭነት ሰዎች ራሳቸውን ያጠምዳሉ። አየር መንገድ የሚያስከፍለው ከክብደቱና ከሚይዘው ቦታ በሚበልጠው ነው፤ በተለመደው ስሌት አንድ ሜትር ኩብ 167 ኪሎ ግራም ተብሎ ይቆጠራል። አንድ ሜትር ኩብ ይዞ 60 ኪሎ የሚመዝን ቀላል ዕቃ ኢንቮይሱ ላይ 167 ሆኖ ይወጣና ልቀቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ለቶን-ኪሎ ሜትር (ክብደቱ በርቀቱ ሲባዛ) የሚያስፈልገው ሚዛን ላይ የወጣው ክብደት ነው፣ ማሸጊያውን ጨምሮ። በባሕር ላይ ደግሞ የተገላቢጦሹ ስንፍና አለ፦ የራሳቸው ኮንቴይነር ስንት ቶን እንደጫነ እያወቁ፣ ለማያውቅ ሰው የተቀመጠውን «በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 10 ቶን» የሚል ግምት ይጠቀማሉ።

ከጭስ ማውጫው ብቻ መለካት

በአንድ ጨረታ ሁለት የመርከብ ኩባንያዎች ተፋጠጡ፤ አንደኛው በጉልህ ያነሰ ልቀት አቅርቦ ነበር። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ስንፈትሽ፣ እሱ ከጭስ ማውጫ የሚወጣውን ብቻ ቆጥሯል፤ ተወዳዳሪው ደግሞ ነዳጁ ከተመረተበት ጀምሮ። የጨረታው ሰነድ የትኛው እንደሚፈለግ አልጻፈም፤ ስለዚህ ማንም አላጭበረበረም። ጥፋቱ የጠያቂው ነው።

ነገሩ የሚከፋው የተፈጥሮ ጋዝ የሚነድድበት መርከብ ሲመጣ ነው። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከከባድ የመርከብ ነዳጅ አንጻር እስከ ሩብ ገደማ ሊያንስ ይችላል፣ እውነት ነው። ግን ሳይቃጠል ከሞተሩ የሚያመልጥ ሚቴን አለ፤ ሚቴን ደግሞ በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ፣ በ20 ዓመት ሲሰላ ከ80 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ብቻ የጠየቀ ሰው ይህን አያይም። በጨረታው ላይ «የሁሉም የሙቀት አማቂ ጋዞች ድምር፣ ከነዳጅ ምርት እስከ ቃጠሎ» ብላችሁ ጻፉ፤ አንድ መስመር ነው።

«ለማንኛውም ይሄድ ነበር»

መርከቡ ባዶ ኮንቴይነር ይዞ ሊመለስ ነበር፣ የመንገደኛ አውሮፕላኑም ሆዱ ባዶ ነበር፣ ስለዚህ የእኛ ጭነት ልቀቱ ዜሮ ነው የሚሉ አሉ። ሁሉም እንዲህ ካለ ልቀቱ የማን ነው? የዙር ጉዞው ልቀት በጠቅላላ በተጫነው ላይ ይከፋፈላል፤ ባዶ የተሄደበትም ጭምር። ለዚህም ነው የአንድ ጉዞ ቁጥር ሳይሆን የመስመሩ የዓመት አማካይ የሚጠየቀው። የአንድ ጉዞ መረጃ የሚያቀርብ ሻጭ ምርጡን ጉዞ ነው የሚያቀርበው።

አጠር አድርጌ የምነግራችሁ ጥቂት ናቸው። ባሕሩን ቆጥሮ ከወደብ እስከ መጋዘን ያለውን የጭነት መኪና መርሳት፤ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነርን እንደ ደረቅ ኮንቴይነር ማስላት፤ የንጹሕ ነዳጅ የምስክር ወረቀት (ነዳጁ በሌላ ጉዞ ላይ ቢቃጠልም ቅናሹ ለገዢው የሚቆጠርበት) ተገዝቶ ሲመጣ ከጠቅላላው ላይ ዝም ብሎ መቀነስ። ሦስተኛውን በተመለከተ ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን አሳዩ፣ ወረቀቱም ለሌላ ደንበኛ አለመሸጡን ጠይቁ። አጓጓዦች ለአውሮፓ ኅብረት የካርቦን ገበያ (ልቀት በክፍያ የሚሸፈንበት ሥርዓት) ብለው ከሚያስከፍሉት ተነስቶ ልቀትን ወደ ኋላ ማስላትም አዲስ ፋሽን ሆኗል። ክፍያው የ2024ን ልቀት 40 በመቶ፣ የ2025ን 70 በመቶ፣ ከ2026 ጀምሮ ሙሉውን ይመለከታል፤ ከኅብረቱ ውጭ ለሚነሳ ወይም ለሚደርስ ጉዞ ደግሞ ግማሹን ብቻ። ከዚያ ላይ የአጓጓዡ ትርፍ ይጨመርበታል። ከክፍያው ተነስታችሁ በየዓመቱ ልቀታችሁ እየጨመረ እንደሆነ ትደመድማላችሁ።

ማኅበራዊ ተጽዕኖን በ«አዎ/አይደለም» መጠየቅ

«የሠራተኛ ሕግ ታከብራላችሁ?» ለሚል መጠይቅ «አይደለም» ብሎ የመለሰ አጓጓዥ ገና አላየሁም። ከነዚህ መልሶች ነጥብ ተሰርቶ፣ ነጥቡ ከልቀቱ ጋር ተደምሮ «የዘላቂነት ውጤት 87» ይባላል። ምን ማለት እንደሆነ ማንም አያውቅም። ደመወዝ ያልተከፈለው መርከበኛ በነዳጅ ቁጠባ አይካካስም፤ ሁለቱን በአንድ ነጥብ አትደባልቁ። ለማኅበራዊው ክፍል ዝቅተኛ መስፈርት አስቀምጡና ያላለፈውን አስወጡ።

ምን እንጠይቅ ለሚል፣ የሚረጋገጥ ነገር ጠይቁ። ጭነታችሁን የሚያጓጉዙት መርከቦች የማን ባንዲራ ነው የሚያውለበልቡት? የወደብ ተቆጣጣሪዎች አግተዋቸው ያውቃሉ? ይህ በይፋ የሚገኝ መረጃ ነው። በ2013 በሥራ ላይ በዋለው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት መሠረት ለመርከበኛ ቢያንስ ሁለት ወር ደመወዝ አለመክፈል የመርከቡ ባለቤት መርከበኛውን ያለ ክፍያና ድጋፍ ትቶታል ከሚባልባቸው ምልክቶች አንዱ ነው፤ የተተዉ መርከበኞችን ጉዳይ የዓለም ሥራ ድርጅትና የዓለም ባሕር ድርጅት በጋራ መዝግበው ለሕዝብ ክፍት አድርገውታል። የእረፍት ሰዓት መዝገብም አለ፦ በ24 ሰዓት ቢያንስ 10፣ በ7 ቀን ቢያንስ 77 ሰዓት። መዝገቡ በየቀኑ አንድ ዓይነት ሰዓት ካሳየና አንድም መዛነፍ ከሌለው እኔ የበለጠ እጠራጠራለሁ። ባሕር እንደዚያ አይደለም።

በመሬት ላይ ችግሩ የውል ሰንሰለት ነው። የፈረማችሁት ከትልቅ ስም ጋር ነው፤ መሪውን የያዘው ግን የንዑስ ተቋራጭ ንዑስ ተቋራጭ ሾፌር ነው። በ2023 በጀርመን ግሬፈንሃውዘን በሚባል የመኪና ማረፊያ ላይ አብዛኞቹ ከጆርጂያና ከኡዝቤኪስታን የመጡ ሾፌሮች ያልተከፈለ ደመወዛቸውን እየጠየቁ ለሳምንታት መኪናቸውን አቁመው ተቀመጡ። የታወቁ አስጫኞች ዕቃቸው የት እንደቆመ ያወቁት ያኔ ነው። ጨረታው ላይ ስንት እርከን ንዑስ ተቋራጭ እንደሚፈቀድ ያልጻፈ ሰው ማኅበራዊ ተጽዕኖ ለካሁ ሊል አይችልም።

ሌላው የሚዘለል ደግሞ ራሱ ጠያቂው ነው። ባለ አርባ ገጽ መጠይቅ የሚልክ ድርጅት መጋዘን በር ላይ ሾፌሮች ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቁ፣ መጸዳጃ ቤት «ለሠራተኞች ብቻ» ተብለው ሲመለሱ በዓይኔ አይቻለሁ። የክፍያ ቀናችሁ ስንት ነው? መኪና በራችሁ ላይ በአማካይ ስንት ሰዓት ይቆማል? ትእዛዝ ከመነሻው ቀን ስንት ሰዓት ሲቀረው ትቀይራላችሁ? እነዚህ ሦስቱ በእጃችሁ ያሉ ቁጥሮች ናቸው። የመጨረሻው ደግሞ ወደ ልቀቱ ዓምድ ይመለሳል፤ ዘግይቶ የተወሰነ ትእዛዝ አውሮፕላን ላይ ይወጣል፣ ከኮንቴይነር መርከብ ጋር ሲነጻጸርም የአየር ጭነት በቶን-ኪሎ ሜትር የሚለቀው በአሥሮች እጥፍ ይበልጣል።

መነሻ ዓመቱን አለማደስ

የልቀት ማባዣዎች በየጊዜው ይታደሳሉ። ዘንድሮን በአዲሱ፣ መነሻ ዓመቱን በአሮጌው አስልቶ «ቀነስን» ማለት ቀላል ነው፤ ሳይታወቅም ይደረጋል። ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ የማባዣውን ስምና እትም፣ መረጃው ከአጓጓዡ የተለካ፣ በሞዴል የተሰላ ወይም መደበኛ ግምት መሆኑን የሚገልጹ ሁለት ዓምዶች ጨምሩ፤ ማባዣው በተለወጠ ቁጥርም መነሻ ዓመቱን እንደገና አስሉት።