ፅንስ ማዛወር ወይስ ኮርማ መግዛት? የወሎ ሥጋ ከብት አርቢዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሥጋ ከብት መንጋውን ለማሻሻል ገንዘብ ያጠራቀመ የወሎ አርቢ ዛሬ ሁለት ምክር ይሰማል። አንዱ፣ ከተመረጠች ላምና ከተመረጠ ኮርማ የተገኘ ፅንስ በራሱ ላሞች ማህፀን እንዲያስቀምጥ የሚመክረው ሲሆን፣ ሌላው ጥሩ ኮርማ ገዝቶ ከላሞቹ ጋር እንዲለቅ የሚነግረው ነው። እኔ ለአብዛኛው መንጋ ኮርማው ይቀድማል ባይ ነኝ፤ ይሁን እንጂ በሁለቱም መንገድ ገንዘብ የሚባክንባቸው ስህተቶች ስላሉ አንድ በአንድ ማየቱ ይጠቅማል።

የመጀመሪያውና ከሁሉም የከፋው ስህተት ስለ ፅንሱ ዘር እየተጨነቁ ፅንሱን የምትቀበለውን ላም መርሳት ነው። ፅንስ ሰጪዋ ላም ብዙ እንቁላል እንድትጥል ለ4 ቀናት ያህል ጠዋትና ማታ ሆርሞን ትወጋለች፤ ከተዳቀለች በኋላ በ7ኛው ቀን ገደማ ፅንሶቹ ከማህፀኗ ታጥበው ይወጣሉ። ተቀባይዋ ላምም ሰጪዋ ድራት ላይ (ኮርማ በምትፈልግበት ሁኔታ ላይ) በነበረችበት ጊዜ፣ ከአንድ ቀን ባልበለጠ ልዩነት፣ እሷም ድራት ላይ የነበረች መሆን አለባት። በወሎ ደጋም ሆነ ቆላ፣ በበጋው ወራት ከጤፍ ጭድና ከማሽላ አገዳ ሌላ ያላገኘች፣ ጥጃዋንም ገና የምታጠባ ላም ድራት ሳታሳይ ወራት ልትቆይ ትችላለች። ድራቱ ቢመጣ እንኳ በአገራችን ዝርያዎች ላይ አጭር ከመሆኑም በላይ ብዙ ጊዜ ሌሊት ስለሚሆን ያልፋል። የከሳች ላም ማህፀን ደግሞ የቱንም ያህል ምርጥ ፅንስ ቢቀመጥበት አይዝም። ስለዚህ የድርቆሽ፣ የፉርሽካና የፋጉሎ ወጪ ከፅንሱ ዋጋ ጋር አብሮ መቆጠር አለበት። መኖው ከሌለ ፅንስ መግዛት አይገባም።

ሁለተኛው ስህተት የአንድን ፅንስ ዋጋ ከአንድ ኮርማ ዋጋ ጋር ማወዳደር ነው። ሊወዳደር የሚገባው በሕይወት ተወልዶ ጡት የተወ ጥጃ ያስወጣው ገንዘብ ነው። ከአንድ እጥበት በአማካይ 6 ያህል ለዝውውር የሚበቁ ፅንሶች ይገኛሉ፤ አንዳንዷ ላም ምንም ላትሰጥ ትችላለች። ከተዛወሩት ውስጥ በደህና አያያዝ ግማሽ ያህሉ ቢይዙ 3 ጥጆች ማለት ነው። ጤነኛና የበሰለ ኮርማ ግን በአንድ የመራቢያ ወቅት 25 ላሞችን ያገለግላል፤ ከነዚህ ውስጥ 15ቱ እንኳ ቢወልዱ ወጪው በ15 ጥጆች ላይ ይከፋፈላል። በባቲ የሰኞ ገበያ ለዕርድ የሚሸጥ ሰንጋ ዋጋ የሚያወጣው በሥጋው ነው፤ በፅንስ ዝውውር መወለዱ ብር አይጨምርለትም። ስለዚህ ፅንስ ማዛወር ትርጉም የሚኖረው ጥጃው ራሱ ለዘር ሲፈለግ ነው።

በኮርማው በኩል ያለው ትልቅ ስህተት በቁመናና በውፍረት ብቻ መግዛት ነው። በአካባቢያችን ፈጥኖ ያደገ ወይፈን ተቀጥቅጦ ይደልባል ወይም ይሸጣል፤ ቀሪው ደካማ ወይፈን ከላሞች ጋር እየዋለ ያስረግዛል። በዚህ ልማድ መንጋው ከዓመት ዓመት እየወረደ መሄዱ ያሳዝነኛል። ኮርማ ሲመረጥ እናቱ በየስንት ጊዜ እንደምትወልድና ወንድሞቹ በምን ፍጥነት እንዳደጉ መጠየቅ፣ ቆለጦቹ እኩልና ጠንካራ መሆናቸውን መዳሰስ፣ እግሩንና አካሄዱን መመልከት፣ አባላዘሩንም በባለሙያ ማስመርመር ያስፈልጋል። ከገበያ የመጣ ኮርማ የውርጃ በሽታ ይዞ ሊገባ ስለሚችል፣ ደሙ ተመርምሮ ውጤቱ እስኪታወቅ ለብቻው መቆየት አለበት። ለዚህም በኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ መኖሩ ለወሎ አርቢ ትልቅ ዕድል ነው። በዚህ ረገድ በደንቡ የታጠበ ፅንስ በሽታ የማስተላለፍ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ከኮርማ እንደሚሻል መካድ አይቻልም። ኮርማው የሚገዛበት ጊዜም ይታሰብበት፤ የወንዴ ዘር ተፈጥሮ እስኪበስል 2 ወር ያህል ስለሚፈጅ፣ በመንገድ የተጎሳቆለ ወይም ትኩሳት የያዘው ኮርማ ወዲያው ላያስረግዝ ይችላል። ላሞቹ ከክረምቱ ሣር በኋላ በመስከረምና በጥቅምት እንዲጠቁ የሚፈልግ አርቢ ኮርማውን ቢያንስ በሐምሌ መጀመሪያ ግቢው ሊያስገባ ይገባል።

የጋራ ግጦሽን መዘንጋት ሁለቱንም ምርጫዎች ያበላሻል። ላሞች ከመንደሩ ከብት ጋር የሚውሉ ከሆነ፣ በውድ የተገዛው ኮርማ በግቢ ታስሮ እያለ የጎረቤት ወይፈን ይቀድመዋል። ፅንሱን ያልያዘች ተቀባይም ከዝውውሩ 2 ሳምንት ገደማ በኋላ ድራቷ ተመልሶ በሜዳ ኮርማ ልትጠቃ ትችላለች፤ ባለቤቱ ግን የተወለደውን የገዛው ፅንስ አድርጎ ይቆጥረዋል። ከታሰበው ቀን 3 ሳምንት ያህል ዘግይቶ የተወለደ ጥጃ የሜዳው ኮርማ ልጅ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ይገባል።

የዝርያ ምርጫም በጥንቃቄ ይታይ። ኮርማ ለጥጃው የሚሰጠው ግማሽ ዘሩን ስለሆነ የእናትየው ጥንካሬ ይቀራል፤ በፅንስ የመጣ የውጭ ዝርያ ጥጃ ግን ከተሸከመችው ላም ምንም ዘር አይወርስም፤ የቆቦንና የከሚሴን ሙቀትና መዥገር የሚቋቋምበት የአገር ደም የለውም። ትልቅ ዝርያን በትንሽ ላም ማህፀን ማስቀመጥ ደግሞ ምጥ ያከብዳል። ለቆላው የቦረና ወይም የራያ ዘር የተሻለ መነሻ ነው።

አንድን ኮርማ ከ3 ዓመት በላይ ማቆየትም ስህተት ነው፤ የራሱ ሴት ልጆች ለመጠቃት ይደርሳሉና። ለ5 ወይም ለ6 ላሞች ሲባል ኮርማ መግዛትም አያዋጣም፤ በዚያ መጠን የሰው ሠራሽ ማዳቀል አገልግሎት ይበቃል፤ ከጎረቤት ጋር ተጋርቶ መግዛትም ይቻላል።

በመጨረሻም ሁለቱን እንደ ተቃራኒ መቁጠር ይቅር። ሰፊ መንጋና አስተማማኝ መኖ ያለው ማኅበር ከምርጥ ላሞቹ ፅንስ አስወስዶ ጥቂት ወይፈኖች ቢያስወልድ፣ የቀሩትን ላሞች በእነዚሁ ወይፈኖች ማስጠቃት ይችላል። ይህን ሲዋዋል ክፍያው በተዛወረው ፅንስ ቁጥር ብቻ እንዳይሆን፣ ከ2 ወር በኋላ በምርመራ በተረጋገጠ እርግዝና ላይ የሚከፈል ድርሻ እንዲኖረው በጽሑፍ ያስገባ።