ጎጆ ሳይፈርስ ማስታመም፦ ከባድ ሕመም ቤት ሲገባ ምን ከምን ይቀድማል?

ካንሰር፣ የኩላሊት ድካም፣ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ቤት ሲገባ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ የሚያልቀው ዋናው ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ነው። አንዱ ልጅ የሚያውቀው ክሊኒክ ይወስዳል፤ ሌላው «እዚያ ያለው ሐኪም ጎበዝ ነው ሲሉ ሰማሁ» ብሎ ወደ ሌላ ያዞራል፤ አክስት ደግሞ ሦስተኛ ታመጣለች። ያው የደም ምርመራ በየደረሱበት ይደገማል። የበሽታው ስም ሲታወቅ እጅ ባዶ ይሆናል። ከታች ያለው ቅደም ተከተል በተለይ አገር ቤት ለሚያስታምም ቤተሰብ የተጻፈ ነው።

1. አንድ አድማጭ፣ አንድ ገንዘብ ያዥ፣ አንድ ማህደር

በመጀመሪያው የቤተሰብ ስብሰባ ሁለት ሰው ምረጡ። አንደኛው ሐኪም ዘንድ ሁልጊዜ አብሮ የሚገባ፣ የተባለውን ጽፎ ለሌሎች የሚያስረዳ ይሁን። ሁለተኛው ገንዘብ የሚይዝ ነው። ሥራው ለአንድ ሰው ከተሰጠ ያ ሰው ይደክማል፤ ቆይቶም ይታማል። ገንዘብ ያዡ በአንድ ደብተር ላይ የገባውንና የወጣውን በየቀኑ ይመዝግብ፤ ሳንቲም ቆጠራ ቢመስልም የወንድማማች ጠብ የሚነሳው ካልተጻፈ ሒሳብ ነው።

ማህደሩ ውስጥ የምርመራ ውጤት፣ የራጅና የሲቲ ስካን ፊልም ወይም ሲዲ፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የሪፈር ወረቀት እና እያንዳንዱ ደረሰኝ ይቀመጥ። ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሱ። ወረቀት ከጠፋ ምርመራው እንደገና ይታዘዛል፣ እንደገናም ይከፈልበታል።

2. የበሽታውን ስም በወረቀት ያዙ፤ ከዚያ እነዚህን ጠይቁ

«ዕጢ ነገር አለ» የሚል ቃል ምርመራ አይደለም። ናሙና ተወስዶ ከሆነ የፓቶሎጂ ውጤቱ በእጃችሁ ይግባ። ከዚያ ሐኪሙን ሳታፍሩ ጠይቁ፦

- የሕክምናው ዓላማ ምንድን ነው? ማዳን፣ ዕድሜ ማቆየት ወይስ ስቃይ ማስታገስ?
- ስንት ዙር ነው? የአንዱ ዙር ዋጋስ?
- በመንግሥት ሆስፒታል ይገኛል? ወረፋው እስከሚደርስ ብንጠብቅ ጉዳቱ ምንድን ነው?
- እምቢ ብንል ወይም መሀል ላይ ብናቆም ምን ይሆናል?

ብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይፈራዋል። መልሱ ግን የገንዘቡን እቅድ በሙሉ ይለውጠዋል። የኩላሊት እጥበትን እንውሰድ። ሥራቸውን ያቆሙ ኩላሊቶችን ለመተካት በተለምዶ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ አራት ሰዓት ገደማ ይደረጋል፤ ንቅለ ተከላ ካልተገኘም ማብቂያ የለውም። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ብር ሰበሰብን?» ሳይሆን «በየወሩ ስንት ማግኘት እንችላለን?» ነው። ሞቅ ባለ አንድ ሰሞን የተዋጣ ገንዘብ በጥቂት ወራት አልቆ፣ ሁለተኛ ለመለመን ፊት ያጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ስለ ንቅለ ተከላም ከመጀመሪያው ጀምሮ ጠይቁ፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል፣ ኩላሊት የሚለግስ ዘመድ ግን ያስፈልጋል።

3. በመብት የሚገኘውን አስቀድሙ

ለልመና ከመውጣት በፊት ያለውን መጠቀም ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ መንገዱን ጠብቁ፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ሆስፒታል። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል መሄድ መድኑን ሊያስቀርባችሁ ይችላል። ምዝገባና እድሳቱ ወቅት አለው፤ ታማሚ ይዞ እድሳት ማሳለፍ እጅግ ያስቆጫል። መክፈል የማይችል ቤተሰብ በቀበሌ ወይም በወረዳ ተለይቶ መዋጮው በመንግሥት ሊሸፈንለት ይችላል። የማይሸፍነውንም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የውጭ አገር ሕክምና፣ መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ ውስጡ የሉም። የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት ግን መድን ኖረም አልኖረ በመንግሥት ተቋም በነጻ ነው።

መድኃኒት ስትገዙ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ካለው መደብር አትጀምሩ። በቅድሚያ የሆስፒታሉን የራሱን ፋርማሲ፣ ቀጥሎ «ከነማ» የሚባሉትን የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር መድኃኒት ቤቶችና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችን ጠይቁ። በስልክ ዋጋ ማወዳደር አያሳፍርም።

ታማሚው የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። የሐኪም ማስረጃ በጊዜው አስገቡ። አስታማሚውም ብርቱ ችግር ሲገጥመው እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ ይህ በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም።

ከዚያ እንደ በሽታው ዓይነት የሚያግዙ ድርጅቶች አሉ። ልብ ለታመመ ሕፃን በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ማዕከል፤ ካንሰር ለያዘው ሕፃን ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲና ተስፋ አዲስ። ሁለቱ የካንሰር ድርጅቶች ከገጠር ለሕክምና ለሚመጡ ማረፊያ ስላላቸው ለሆቴል ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ይተርፋል። የኩላሊት ሕመምተኞች እጥበት በጎ አድራጎት ድርጅትም በዚሁ ጉዳይ የሚሠራ ነው። በትልልቅ ሆስፒታሎች ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ) ካለ ፈልጉት፤ የቱ በር እንደሚንኳኳ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ግን ራሱ አልጋ ለአልጋ እየዞረ አይፈልጋችሁም።

4. ለታማሚው ንገሩት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን፤ ከዚያ በሽታውን ከባለቤቱ እንደብቃለን። ታማሚዋ «ጨጓራ ነው» እየተባለች ኬሞ ትወስዳለች፣ ፀጉሯ ሲረግፍ ሁሉም ፊቱን ያዞራል። ፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ግን ብዙ ያስከፍላል። ሕመሙን ያላወቀ ሰው ቀጠሮ ያስቀራል፣ መድኃኒት ያቋርጣል፣ «ለጨጓራ ይህን ያህል ብር?» ብሎ ይጣላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ንብረቱ መወሰን የሚችልበት ጊዜ ሳያውቀው ያልፍበታል።

እንዴት ይነገር? ዘመድ ተሰብስቦ መርዶ እንደሚረዳበት አይደለም። ሐኪሙን ጠይቁ፤ የሚቀርበው አንድ ሰው አብሮት ይቀመጥ፤ «ስለ ሕመምህ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ?» ተብሎ ይጀመር። «ለእህቴ ንገሯት፣ እኔ አልፈልግም» ካለ ያም መልስ ነው። በዕድሜ ለገፉ አባት ወይም እናት የንስሐ አባት ወይም የሚያከብሩት ሽማግሌ አብሮ ቢኖር ይረዳል።

ከተነገረ በኋላ የሚሠሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ያለበትን ማወቅ ነው፦ የባንክ ሒሳቦች፣ የሚሰበሰብና የሚከፈል ዕዳ፣ እቁብ፣ የቤት ካርታ የት እንዳለ። ሁለተኛው ውክልና ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ «ጠቅላላ ውክልና» የሚያስችለው ማስተዳደርን ብቻ ነው። ቤት ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ ይህንኑ በግልጽ የሚጠቅስ ልዩ ሥልጣን መጻፍ አለበት። ውክልና የሚሰጠው አእምሮው ንቁ በሆነ ሰው ነው፤ ሰጪው ሲሞትም ያበቃል። ታማሚው ከአልጋ መነሳት ካልቻለ ውልና ማስረጃ ሠራተኛ ልኮ ያስፈርም እንደሆነ ጠይቁ።

5. መዋጮ

ከቅርብ ጀምሩ። ወንድምና እህት «የቻልነውን እናደርጋለን» ብለው ከሚለያዩ በወር ስንት ብር፣ ለስንት ወር የሚለውን ይቁረጡ። ገንዘብ የሌለው ጊዜውን ያዋጣ፤ ሆስፒታል ማደር ገንዘብ ነው።

እቁብ ካለ ለዳኛው ተናግራችሁ ዕጣ እንዲቀድምላችሁ ለምኑ፤ ለታመመ ሰው እምቢ የሚል እቁብተኛ ጥቂት ነው። እድር በአብዛኛው የተቋቋመው ለቀብር ቢሆንም መተዳደሪያ ደንቡን አንብቡ፤ ለታመመ አባልም የሚሰጡ አሉ። መሥሪያ ቤት፣ ማኅበርና ሰንበቴም ይጠየቃሉ።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ጎፈንድሚ (በኢንተርኔት መዋጮ የሚሰበሰብበት ገጽ) ክፈቱ» ይላል። ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ባንክ አይከፍልም። ስለዚህ የሚከፍተው አሜሪካ ወይም ሌላ አገልግሎቱ ባለበት አገር ያለ ሰው መሆን አለበት፤ እሱም ከታማሚው ጋር ያለውን ዝምድናና ገንዘቡ እንዴት እንደሚደርስ በግልጽ ይጻፍ።

ሕዝብ ዘንድ ስትወጡ የሆስፒታል ደብዳቤ ያዙ፤ ሒሳቡ ሁለት ወይም ሦስት ሰው በጣምራ የሚፈርምበት ይሁን፤ ምን ያህል እንደገባ በየሳምንቱ አሳውቁ። የሐሰት ለማኝ ስለበዛ ሰው ማስረጃ ቢጠይቃችሁ አትቀየሙ። ጉዳዩ ሳይሳካ ታማሚው ቢያርፍ ወይም ገንዘብ ቢተርፍ ለምን እንደሚውል ከመጀመሪያው ተናገሩ። የታማሚውን ፎቶ፣ በተለይ ቱቦ የተሰካለትን፣ ሳይፈቅድ አትልቀቁ። ቢድን ያ ፎቶ ዕድሜውን ሙሉ ይከተለዋል። በመኪናና በድምፅ ማጉያ መዞር ካሰባችሁ ፈቃዱን፣ የመኪናውን ኪራይና የቀስቃሾቹን ክፍያ አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ አለበለዚያ አብዛኛው እዚያው ሊቀር ይችላል።

6. ቤት የመጨረሻው ነው

መኪናው፣ ወርቁ፣ ቦታው ከቤቱ በፊት ይሄዳሉ። የጋራ የሆነ ቤት በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት አይሸጥም፤ በችኮላ የተፈረመ ውል ኋላ ፍርድ ቤት ያደርሳል። አራጣ አትንኩ፤ የወንጀል ሕጉ የከለከለው ሲሆን ታማሚውን ሳያድን ቤቱን ይወስዳል።

የውጭ አገር ሕክምና ሲነሳ መነሻው የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ነው። ደላላ ሳይሆን ሐኪሙ ይናገር። ከሆስፒታሉ የተጻፈ የዋጋ ግምት ጠይቁ፤ በላዩ ላይ የአስታማሚውን ትኬትና ቤት ኪራይ፣ ሕክምናው ቢረዝም የሚጨምረውን፣ ከተመለሱ በኋላ እዚህ የሚቀጥለውን መድኃኒት ደምሩ። ሐኪሙ ዓላማው ማስታገስ ብቻ ነው ብሎ ከነገራችሁ፣ ልጆች የሚያድጉበትን ቤት ሸጦ ባንኮክ ወይም ዴልሂ መሄድ ለታማሚው ሳይሆን ለጸጸታችን የሚደረግ ነው ብዬ አምናለሁ። ከታማሚው ጋር ተነጋገሩበት፤ ብዙ አባቶች ቤቱ እንዲቀር ይመርጣሉ።

7. ጸበል፣ ስቃይና አስታማሚው

ጸበል መውሰድ መድኃኒት ማቋረጥ አይደለም፤ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ አስተምረዋል። ጸበሉ ቦታ ሄዶ የሚያድር ካለ መድኃኒቱን ከነሰዓቱ ጽፋችሁ ለአስታማሚው ስጡ። ታማሚው ጾም ላይ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሩት፤ ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት አለ።

ሕመሙ የማይድን ደረጃ ላይ ቢደርስ ስቃይን ችሎ መኖር ግዴታ አይደለም። ሞርፊን በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል፤ «ሱስ ይሆንበታል» ብሎ መከልከል ትርጉም የለውም። አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው የስቃይ ማስታገሻ እንክብካቤ ድርጅት ነርሶችን ቤት ድረስ ይልካል፤ ሲብስ ሳይሆን ቀደም ብላችሁ ተመዝገቡ።

አስታማሚው ሳምንቱን ሙሉ አንድ ሰው ብቻ አይሁን። ብዙ ቤት ውስጥ ሸክሙ ያላገባችው ልጅ ላይ ይወድቃል፤ ሥራዋን ትታ ትቀመጣለች፣ ማንም ደመወዟን አይተካም። ተራ አውጡ፤ ተራ ማውጣት ካልተቻለ የምትቀረዋ ልጅ በወር ስንት እንደሚሰጣት በዚያው የመዋጮ ደብተር ላይ ይጻፍ። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያም ከሕክምናው ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው ይቀመጥ።