በኦክ በርሜል የቆየ ፖርተር ቢራ እንዴት ይቀመሳል

ፖርተር በ1700ዎቹ ለንደን ውስጥ የተጀመረ ጥቁር ቢራ ነው፣ አሁን አሜሪካ ያሉ ክራፍት (አነስ ያሉ፣ በራሳቸው የቆሙ) ጠማቂዎች ብዙ ጊዜ ቡርቦን የሚባለው የአሜሪካ ውስኪ የነበረበት የኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ ያቆዩታል፣ ቡርቦን በህግ አዲስና ውስጡ የተቃጠለ በርሜል ስለሚፈልግ አሮጌው ለቢራ ይተርፋላ።

ስትቀምሱት በናታችሁ በጣም ቀዝቅዞ እንዳይሆን! ቅዝቃዜ ሽታውን ያፍነዋል። ከፍሪጅ አውጥታችሁ ግማሽ ሰዓት ገደማ ተዉት፣ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ አካባቢ አሪፍ ነው። አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ላይ እስከ ግማሽ ብቻ ቅዱ። መብራት ላይ ስታዩት ጥቁር ይመስላል ግን ጠርዙ ቀላ ያለ ቡናማ ነው።

ከዛ አሽትቱት፣ አጠር አጠር አድርጋችሁ፣ መጀመሪያ የተቆላው ብቅል ይመጣል፣ ልክ ቡና ሲቆላ ቤቱን እንደሚሞላው ሽታ፣ ቀጥሎ ቫኒላ ወይ ኮኮናት ካገኛችሁ እሱ ከኦኩ የመጣ ነው። ትንሽ ተጎንጭታችሁ አፋችሁ ውስጥ አዙሩት፣ ከዋጣችሁ በኋላ ድድ ላይ ያዝ የሚያደርገው ደረቅ ነገር የእንጨቱ ታኒን፣ ማለትም አፍ የሚያደርቀው ንጥረ ነገር ነው። ለኔ ምርጡ እንጨቱ ብቅሉን ሳይሸፍነው ሲቀር ነው፣ እንጨት እንጨት ብቻ ካለ በርሜሉ ውስጥ ቆይታው በዝቶበታል።

ሲሞቅ ጣዕሙ ስለሚቀየር አትቸኩሉ። አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከተራ ቢራ ይበልጣል፣ ጠርሙሱን ለሁለት ተካፈሉት፣ መኪና ግን አትንዱ።