ለመንገድዎና ለሰውነትዎ የሚስማማውን ስኩተር እንዴት እንደሚመርጡ

ስኩተር የሚለው አንድ ቃል እርስ በርሳቸው ብዙም የማይመሳሰሉ መሣሪያዎችን ይሸፍናል። የሦስት ዓመት ሕፃን በአንድ እግሩ እየገፋ የሚጫወትበት ስኩተር አለ፤ ወጣት ቆሞ የሚነዳው ባለ ባትሪ አለ፤ ቤንዚን የሚሞላበትና ታርጋ የሚለጠፍበት ባለ ሞተር አለ፤ መራመድ የከበዳቸው አረጋውያን ተቀምጠው የሚጓዙበትም በዚሁ ስም ይጠራል። ስለዚህ «ጥሩ ስኩተር የትኛው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ ከማግኘቱ በፊት ማን፣ በምን ዓይነት መንገድ፣ ምን ያህል ርቀት ሊሄድበት እንዳሰበ መናገር ይኖርበታል። ብዙ ገዢዎች ግን ከፍጥነቱና ከመልኩ ስለሚጀምሩ ስኩተሩ ከአንድ ወር በኋላ በር ጀርባ ቆሞ አቧራ ሲለብስ ይታያል። የሚከተሉት ደረጃዎች ይህን ኪሳራ ለማስቀረት የተዘጋጁ ናቸው።

ደረጃ 1፦ መንገዱን በእግርዎ ይሂዱበት

ከመግዛትዎ በፊት በስኩተር ሊመላለሱበት ያሰቡትን መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ ጊዜ መሬት መሬቱን እያዩ በእግርዎ ይሂዱበት። በመኪና ተቀምጠው ሲያልፉ ለስላሳ የሚመስል አስፋልት ለትንሽ ጎማ ሌላ መልክ አለው። የስኩተር ጎማ ከብስክሌት ጎማ እጅግ ስለሚያንስ ብስክሌት ሳይሰማው የሚያልፈው ስንጥቅ ስኩተርን ቀጥ አድርጎ ሊያቆመው ይችላል። ከዳር እስከ ዳር (ዲያሜትሩ) 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ የተገጠመለትን ስኩተር ያስቡ፤ የአውራ ጣት ያህል ውፍረት ያለው ጠጠር ከፊት ጎማው ሥር ሲገባ ጎማው ይቆማል፣ የተሳፈረው ሰው ግን ወደ ፊት መሄዱን ይቀጥላል። ስለሆነም በጉዞዎ ላይ ጠጠር ያለበትን፣ በድንጋይ የተነጠፈውን፣ ውኃ የሚተኛበትን፣ ዳገትና ቁልቁለቱን በማስታወሻ ይያዙ።

ርቀቱንም ይለኩ። የዛሬውን የሚታጠፍ ስኩተር ለገበያ ካበቁት ሰዎች አንዱ የሆነው የስዊዘርላንዱ ቪም ኦውቦተር ሐሳቡን ያገኘው በእግር ለመሄድ ከሚርቅ፣ መኪና ለማውጣት ደግሞ ከሚቀርብ ርቀት ነበር። ይህ መለኪያ ዛሬም ይሠራል። እስከ 2 ኪሎ ሜትር ድረስ ለሆነ ሜዳ መንገድ በእግር የሚገፋው ይበቃል፤ ከ3 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ላለው ባለ ባትሪው ይመቻል፤ ከዚያ በላይ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ተቀምጦ የሚነዳውን ባለ ሞተር ቢያስብ ጉልበቱም ወገቡም ያመሰግኑታል።

ደረጃ 2፦ የት እንደሚያድርና ማን እንደሚሸከመው ይወስኑ

ይህን ጥያቄ አብዛኛው ሰው ይዘለዋል፤ በእኔ እምነት ግን ከፍጥነት ይልቅ የሚያስቆጨው ይህ ነው። ለአዋቂ የተሠራ በእግር የሚገፋ ስኩተር ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ይመዝናል፤ ታጥፎ በአንድ እጅ ይያዛል። ባለ ባትሪው ከ12 ኪሎ ጀምሮ 20 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። 18 ኪሎ ማለት የ20 ሊትር ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩና አሳንሰር የሌላቸው ከሆነ እንዲህ ያለ ጀሪካን ውኃ ሞልተው አንድ ጊዜ ደረጃውን ይውጡ፤ ጀሪካኑ ግን መያዣ አለው፣ ስኩተሩ ጭቃ የነካ ጎማና ሱሪ የሚይዝ ጠርዝ አለው። ከዚህ ሙከራ በኋላም ሐሳብዎ ካልተለወጠ ይግዙት፤ ከተለወጠ ትንሽ ባትሪ ያለውንና ቀለል ያለውን ይፈልጉ።

ደረጃ 3፦ ዓይነቱን ከሰውየው ጋር ያገናኙ

ከልጆች እንጀምር። ከ2 እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት ከፊት ሁለት ከኋላ አንድ ጎማ ያለው ስኩተር ይስማማቸዋል። በዚህ ዓይነቱ ስኩተር ልጁ የሚዞረው ሰውነቱን ወደሚፈልገው ወገን በማዘንበል ስለሆነ ሚዛን መጠበቅን ሳያውቀው ይለምዳል። ከ5 ወይም ከ6 ዓመት ገደማ ጀምሮ ወደ ባለ ሁለት ጎማው መሸጋገር ይቻላል፤ ሆኖም ከዕድሜው ይልቅ ቁመቱ ይታይ። ልጁ ጫማውን አድርጎ መቆሚያው ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም እጀታው በወገቡና በደረቱ መካከል መድረስ አለበት። ጫማ «ያድግበታል» ተብሎ ሰፋ ተደርጎ ይገዛል፤ ስኩተር ግን እንዲህ አይገዛም፤ እጀታው አገጩ አጠገብ የሚደርስ ስኩተር ልጁ በወደቀ ቁጥር ፊቱን ይመታዋል። ከፍታው የሚስተካከል መሪ ያለውን መግዛት ሁለቱንም ችግር ይፈታል።

ለዝላይና ለጨዋታ የሚሠራው ስኩተር ከዚህ ይለያል። አይታጠፍም፣ መሪው ከፍና ዝቅ አይልም፣ ጎማውም ትንሽና ጠንካራ ነው፤ እነዚህ ሁሉ ከዝላይ ሲወርድ እንዳይሰበር የተደረጉ ናቸው። ትምህርት ቤት ለመመላለስ ከፈለጉት ግን አድካሚ ይሆናል።

በእግር የሚገፋውን ለመጓጓዣ የሚፈልግ አዋቂ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ጎማ ያለውን ይምረጥ፤ መቆሚያውም ለመሬት የቀረበ ይሁን። መቆሚያው ከፍ ባለ ቁጥር በእያንዳንዱ ግፊት የቆመው እግር ጉልበት ይበልጥ ይታጠፋል፤ ድካሙም እዚያ ላይ ይጠራቀማል። እግርን እያፈራረቁ መግፋት የሚለምድ ሰው ብዙ ይሄድበታል። ባትሪ፣ ነዳጅና ሰርቪስ ስለማይጠይቅ አንዴ ከተገዛ ወጪ የለበትም ለማለት ይቻላል። ጉልበቱን ወይም ቁርጭምጭሚቱን ለሚያመው ሰው ግን አይሆንም።

ባለ ባትሪው ዛሬ በብዛት የሚታየው ነው፤ ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱትም በእሱ ላይ ነው። በመጀመሪያ አምራቹ «በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል» የሚለውን ቃል እንዳለ አይቀበሉ፤ ያ ቁጥር ቀላል ሰው በሜዳ መንገድ ላይ ዝግ ብሎ ሲነዳ የሚገኝ ነው። ሒሳቡን ራስዎ መሥራት ይችላሉ። የባትሪውን ቮልት በአምፔር ሰዓቱ ያባዙ፤ 36 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት ከሆነ 360 ዋት ሰዓት ይሆናል። አንድ አዋቂ ለአንድ ኪሎ ሜትር 15 ዋት ሰዓት ገደማ እንደሚፈልግ ቢያስቡ 24 ኪሎ ሜትር ያገኛሉ። ዳገት፣ ከባድ ሰውነት፣ ብርድና የባትሪው ዕድሜ ከዚህም ይቀንሱበታል፤ ስለዚህ የደርሶ መልስ መንገድዎ 16 ኪሎ ሜትር ከሆነ ይህ ባትሪ ያለ ጭንቀት ያደርስዎታል፤ 22 ከሆነ ግን አንድ ቀን መንገድ ላይ መግፋትዎ አይቀርም።

ቀጥሎ ጎማውን ይመልከቱ። አየር የሚሞላ ጎማ ንዝረቱን ይውጣል፣ እርጥብ መንገድንም የተሻለ ይይዛል፤ ግን ይፈነዳል፣ አየሩም በየሳምንቱ መታየት አለበት። ድፍን ጎማ አይፈነዳም፤ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ግን ንዝረቱን እስከ ክርን ድረስ ያደርሰዋል። ሻጮች «ከፓንክ ነፃ» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ መንገድዎ ለስላሳ ካልሆነ እንዳያታልልዎ እመክራለሁ፣ ምክንያቱም ፓንክ አልፎ አልፎ ይመጣል፣ ንዝረቱ ግን በየቀኑ ነው። ከ8.5 ኢንች ይልቅ 10 ኢንች የሆነው ጎማ ጉድጓድን በእጅጉ የተሻለ ያልፋል።

ክብደት የመሸከም ወሰኑም ይነበብ። በብዙዎቹ 100 ወይም 120 ኪሎ ነው፤ ይህም የቦርሳዎን ክብደት ጨምሮ ነው። ሁለት ሰው መሳፈር ደግሞ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ፍሬኑ የተሠራው ለአንድ ሰው ነው፣ ኋላ የቆመው የሚይዘውም የለውም። ባጠቃላይ ባለ ባትሪ ስኩተር ሚዛኑን አጥብቆ የሚጠብቅ፣ ጉልበቱ ጤነኛ የሆነና ዕቃው በጀርባ ቦርሳ የሚያልቅ ሰው መጓጓዣ ነው። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ወይም ከገበያ በሁለት እጁ ዘንቢል አንጠልጥሎ ለሚመለስ ሰው አይመከርም።

ተቀምጠው የሚነዱት ባለ ሞተር ስኩተር ታሪኩ ራሱ ለማን እንደሚስማማ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1946 የጣሊያኑ ፒያጆ ኩባንያ ቬስፓን ለገበያ ሲያቀርብ ንድፉን ያወጣው የአውሮፕላን መሐንዲሱ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ነበር። ሞተሩን ከመቀመጫው ሥር ሸፍኖ ልብስ በዘይት እንዳይነካ አደረገ፤ ከፊት ክፍት ቦታ ትቶም ቀሚስ የለበሰችም እንድትቀመጥበት አመቻቸ፤ የፊት ጎማውን ደግሞ እንደ አውሮፕላን ጎማ በአንድ ወገን ብቻ አንጠለጠለው። ዛሬም የዚህ ስኩተር ጥቅም ይኸው ነው። የአሁኖቹ አብዛኞቹ ፍሪሲዮንና ማርሽ ስለሌላቸው ነጂው የሚቆጣጠረው ነዳጅ መስጫውንና ፍሬኑን ብቻ ነው። ሞተሩ 50 ሲሲ (የሞተር መጠን መለኪያ) የሆነው ለአንድ ሰው ለከተማ ውስጥ ጉዞ ይበቃል፤ ዳገት የሚበዛበት ወይም ሰው የሚጭን ግን 125 ሲሲ ቢወስድ ይሻለዋል። ተቀምጠው ከሚነዱት መካከል በባትሪ የሚሠራው ጸጥ ያለና ጥገናው ያነሰ ነው፤ ባትሪው ተነቅሎ ቤት የሚገባ መሆኑን ግን ያረጋግጡ፣ አለበለዚያ ማታ ማታ ስኩተሩን ከመስኮት ሥር አቁመው ሽቦ ሊዘረጉ ነው። መንጃ ፈቃድና ታርጋ በየአገሩ ስለሚለያይ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መራመድ ለሚከብዳቸው ሰዎች የሚሠራውን ስኩተር መጨረሻ ያመጣሁት የበለጠ ጊዜ እንዲሰጠው ስለምፈልግ ነው። ይህ ስኩተር ጥቂት እርምጃ መሄድ ለሚችል፣ ገበያ ወይም የጸሎት ቦታ ድረስ መሄድ ግን ለሚያቅተው ሰው የጠፋ ነፃነትን ይመልሳል። ይሁን እንጂ ለሁሉም አይሆንም። ተጠቃሚው ያለ ድጋፍ ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ ሁለት እጁን ወደ መሪው መዘርጋት፣ ከወንበሩም ራሱ መነሳትና መቀመጥ መቻል አለበት፤ ይህን የማይችል ሰው በትንሽ እጀታ የሚነዳውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ተሽከርካሪ ወንበር ቢያገኝ ይሻለዋል። ዓይኑ የደከመ ሰውም ሐኪም ሳያማክር ባይጀምር መልካም ነው።

ባለ ሦስት ጎማው በጠባብ ቦታ ይዞራል፤ እግር መዘርጊያም ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ለቤት ውስጥና ለገበያ አዳራሽ ይመቻል። ባለ አራት ጎማው ለመዞር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ደጅ ላይና ዘንበል ባለ መሬት ግን ይበልጥ ይረጋጋል። ሁለቱም መግፊያው (ስኩተሩ እንዲሄድ በጣት የሚያዘው መቆጣጠሪያ) ሲለቀቅ ራሳቸው ይቆማሉ፤ ይህን ጠባይ ለአዲሱ ተጠቃሚ ደጋግሞ ማሳየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ሰው ሲደነግጥ መያዣውን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፣ ስኩተሩም በዚያው ይገፋል። ተጠቃሚው በድንጋጤ ጊዜ ጣቱን መልቀቅ እስኪለምድ ድረስ ሰው በሌለበት ሜዳ ይለማመድ። ዝቅተኛ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ሲወጣም በጎን ሳይሆን ፊት ለፊት ይውጣ።

ለእናትዎ ወይም ለአባትዎ የሚገዙ ከሆነ እሳቸው ሳይቀመጡበት አይወስኑ። ወንበሩ ወደ ጎን ዞሮ ይቆለፍ እንደሆነ፣ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት ይነካ እንደሆነ፣ ጣታቸው በአርትራይተስ የታመመ ከሆነ መግፊያውን ለአሥር ደቂቃ ያለ ሕመም መያዝ ይችሉ እንደሆነ መልሱ ያለው እሳቸው ዘንድ ነው።

ደረጃ 4፦ ሳይከፍሉ ይሞክሩት

የትኛውንም ዓይነት ቢመርጡ በሚሞክሩበት ቀን የዘወትር ጫማዎንና ቦርሳዎን ይያዙ። መሬት ላይ በጠመኔ መስመር ያስምሩና በመካከለኛ ፍጥነት ደርሰው መስመሩ ላይ ፍሬን ይያዙ፤ ከመስመሩ ስንት እርምጃ አልፈው እንደቆሙ ይቁጠሩ። ቆመው የሚነዱ ከሆነ አንድ እግርዎን ቀደም ሌላውን ኋላ አድርገው ጉልበትዎን ያላሉ፣ ፍሬን ሲይዙም ክብደትዎን ወደ ኋላ ይውሰዱ። ከዚያ ስኩተሩን አቁመው የፊት ፍሬኑን እንደያዙ መሪውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዝውዙት፤ ከመታጠፊያው ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰሙ ወይም በጣትዎ ሲነኩት የሚንቀሳቀስ ከሆነ ያንን ስኩተር አይውሰዱ።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በጥንቃቄ ያሳልፉ

ሄልሜት ከስኩተሩ ጋር በአንድ ቀን ይገዛ፤ ለባለ ሞተሩ የሞተር ሳይክል ሄልሜት እንጂ የብስክሌቱ አይበቃም። አዲስ ስኩተር በንዝረት ቡሎኖቹ ስለሚላሉ ከመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁሉንም ጠበቅ ያድርጉ። ጥልቀቱ የማይታይ ውኃ ላይ አይግቡ፤ ሥሩ ያለው ጉድጓድ ምን ያህል እንደሆነ ከላይ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። የሊቲየም ባትሪ ቻርጅ የሚደረገው አብሮት በመጣው ቻርጀር፣ ነቅተው ባሉበት ሰዓትና ከመውጫ በር ራቅ ባለ ቦታ ነው፤ እሳት ቢነሣ መውጫዎን እንዳይዘጋ። ከዝናብ የገባ ስኩተር እስኪደርቅ፣ ከብርድ የገባ ደግሞ የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ ድረስ ይቆይና ከዚያ ይሰካ። ለወራት የማይነዱት ከሆነም ባትሪውን ሞልተውም አሟጠውም አያስቀምጡት፤ ግማሽ ገደማ ሲሆን አጥፍተው ያቆዩትና በየወሩ አንድ ጊዜ ይዩት።