የቆየ የሀገር ልብስ ይዞ ወደ ጣና ዳር መጓዝ፦ አዘገጃጀትና አያያዝ

ለጥምቀት፣ ለሠርግ ወይም ገዳማትን ለመሳለም ወደ ባሕር ዳር በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ የቆየ ልብስ አይጠፋም። እናት የተዳሩበት የጥልፍ ቀሚስ፣ አያት ለበዓል ብቻ ያወጡት የነበረ ኩታ፣ ወይም በከፋይ (በቬልቬት) ላይ በወርቀ ዘቦ፣ ማለትም በወርቃማ የብረት ክር፣ የተሠራ ካባ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ልብስ ብዙውን ጊዜ በእጅ ከተፈተለ ጥጥ የተሸመነ እንደ መሆኑ አንዴ ከተቀደደ ወይም ከበሰበሰ ተመሳሳዩን ከገበያ ገዝቶ መተካት አይቻልም፤ ስለዚህ ለመንገድ ሲዘጋጅ ከሌላው ልብስ የተለየ ጥንቃቄ ይገባዋል። ልብሱን የሚጎዱት ነገሮች ጥቂትና የታወቁ ናቸው፤ እነርሱም እርጥበት ወይም እድፍ ሳይወጣለት መታሸጉ፣ በአንድ መስመር ላይ ደጋግሞ መታጠፉና ከባድ ዕቃ መጫኑ ናቸው። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ለመከላከል ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከጉዞው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ልብሱን በቀን ብርሃን በመስኮት ፊት ዘርግተው ብርሃኑ በውስጡ እንዲያልፍ አድርገው ይመልከቱት። ማጉ የሳሳበት ቦታ ከሌላው ይልቅ ብርሃን ያሳልፋል፤ ብዙውን ጊዜም የሚሳሳው ብብቱ፣ የአንገቱ ዙሪያና ከባዱ ጥለት ከስሱ ፈትል ጋር የሚገናኝበት መስመር ነው። በዚያ ቦታ ላይ ጣትዎን በቀስታ ሲያሳርፉ ክሮቹ የሚለያዩ ከሆነ ልብሱ ለመታየት እንጂ ለመለበስ አቅም የለውም፤ ይህን አምኖ መቀበል፣ ከለበሱት በኋላ በሰው መካከል ተቀዶ ከማዘን ይሻላል። ትንሽ ቀዳዳ ካለ ከመንገድ በፊት ይጠገን። ከውስጥ በኩል ከአሮጌ ነጠላ የተቆረጠ ስስ ጨርቅ ደግፎ በቀጭን መርፌና በጥጥ ክር መስፋት ይበቃል። የናይሎን ክር ግን አይጠቀሙ፤ ከአሮጌው ጥጥ ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ ልብሱ በተሳበ ቁጥር ፈትሉን እየቆረጠ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የንጽሕና ጉዳይ ነው። ብል የሚበላው ሱፍንና ሐርን ነው፤ ንጹሕ ጥጥን እምብዛም አይነካም፤ ሆኖም ላብ፣ ቅቤና የምግብ ፍንጣቂ የነካው ጥጥ ነፍሳትን ይጠራል፣ እድፉም በቆየ መጠን ከክሩ ጋር ይዋሐዳል። ስለዚህ ልብሱ ታጥቦና በጥላ ሥር ፈጽሞ ደርቆ ይታሸግ። በረኪና ክሩን ስለሚያደክመው በቆየ ጥጥ ላይ መዋል የለበትም፤ ሐርንማ ፈጽሞ ያበላሸዋል። ስታርችም ቢሆን ከጉዞው በኋላ እንጂ በፊት አያስፈልግም፤ በስታርች የደረቀ ጨርቅ በታጠፈበት መስመር ላይ ይሰበራልና።

ለመጠቅለያ ከሁሉም የሚሻለው አቡጀዲ ነው። አዲስ አቡጀዲ ከፋብሪካ ሲወጣ ማጠንከሪያ ቅብ ስለሚኖረው ሁለት ጊዜ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ይለቅ። ጋዜጣ ቀለሙን ያትማል፤ ፌስታል ደግሞ እርጥበትን አምቆ ይይዛል። ከጨርቅ ሱቅ የሚገኘውን ረጅም የካርቶን ጥቅል፣ ማለትም ጣቃ የሚጠመጠምበትን፣ ወስደው በአቡጀዲ ይሸፍኑት፤ ካርቶኑ ራሱ ልብሱን መንካት የለበትም። ከዚያም በአልጋ ላይ አቡጀዲ አንጥፈው ቀሚሱን ፊቱን ወደ ታች አድርገው ይዘርጉ፤ እጅጌዎቹን በውስጣቸው ለስላሳ ጨርቅ አስገብተው ወደ ጀርባው ይመልሷቸው። መጠቅለል ሲጀምሩ ጥልፉ ወይም ጥለቱ ወደ ውጭ እንዲሆን ያድርጉ። ብዙ ሰው ጥልፉን ለመጠበቅ ብሎ ወደ ውስጥ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ጥልፍ ይጨማደዳል፣ ክሩም ይሰበራል፤ ወደ ውጭ ሲሆን ግን ትንሽ ተለጥጦ ይቀመጣል። ጥቅልሉ እጅግ መጥበቅ የለበትም፤ ከጨረሱ በኋላ በሰፊ የጨርቅ ጥብጣብ ሁለት ቦታ ላላ አድርገው ይሰሩት። መርፌ ቁልፍ በፍጹም አይሰኩበት፤ በጣና ዳር አየር የሚዝግ ብረት የሚተወው ቡናማ ነጠብጣብ ከአሮጌ ፈትል በቀላሉ አይለቅም።

ለጥቅልሉ የሚሆን ቦታ ከሌለና ማጠፍ ግድ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ እጥፋት ውስጥ በክብ የተጠቀለለ አቡጀዲ ያስገቡ፣ አሮጌውን የእጥፋት መስመርም አይከተሉ። ለዓመታት በሣጥን ውስጥ የቆየ ቀሚስ ብዙውን ጊዜ የሚቀደደው በዚያው መስመር ነው፤ ስለዚህ በታጠፈ ቁጥር ቦታውን ማዛወር ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ካባ ሌላ ጠባይ አለው። ከፋይ ጠጕሩ ከተጫነው ተመልሶ ስለማይነሣ፣ ካባው ከሌላው ልብስ ሁሉ ላይ ሆኖ፣ በተቻለ መጠን ሳይታጠፍ ይቀመጥ። ወርቀ ዘቦ ክሩ በቀጭን ብረት የተጠመጠመ ስለሆነ ላብና ቅባት የነካው ጣት ያጠቁረዋል፤ ስለዚህ እጅን ታጥቦና አድርቆ መያዝ ይገባል። ላስቲክ በአጠገቡ አይኑር፤ በላስቲክ ውስጥ ያለው ድኝ የዘቦውን ብረት ያጠቁራል። የካባው ገበር ሱፍ ወይም ሐር ከሆነና ብል ያሰጋ እንደሆነ፣ ናፍታሊኑ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ታስሮ ካባውን ሳይነካ በሻንጣው ጥግ ይቀመጥ። ጋቢ ግን ጠንካራ ነው፤ ከታች ተነጥፎ ለሌላው ልብስ ምንጣፍ ይሆናል።

ከዘመድ ቤት ሲነሡ ቅቤ፣ በርበሬና ማር ተሸክሞ መሄድ የተለመደ ነው። እነዚህ ከልብሱ ጋር በአንድ ሻንጣ ውስጥ አይግቡ፤ ክዳኑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ በተንቀጠቀጠ መንገድ ላይ ቅቤ መንገድ አያጣም። ሽቱም እንደዚሁ። ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ ሰው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ በደጀን በኩል እንደገና ወደ ደጋ ስለሚወጣ፣ ሻንጣው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብርዱንም ሙቀቱንም ያያል። በፌስታል ታሽጎ የተቀመጠ ልብስ በዚህ መካከል ያላበው ውኃ በውስጡ ይቀራል። ሻንጣውን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከማስጫን ይልቅ ከራስ ጋር መያዝ ይመረጣል፤ በአውሮፕላን ለሚመጣም ልብሱ በእጅ በሚያዘው ሻንጣ ቢሆን ይሻላል።

እንደ ደረሱ ሻንጣው ይከፈት። ሌላው ዕቃ እስኪረጋጋ ድረስ ሊቆይ ይችላል፤ ልብሱ ግን አይቆይም። ከባድ ጥለት ያለው ቀሚስ በመስቀያ ላይ ከተንጠለጠለ በገዛ ክብደቱ ትከሻው ላይ ይቀደዳልና በአልጋ ወይም በጠረጴዛ ላይ አቡጀዲ አንጥፈው ያሳርፉት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የቀኑ ፀሐይ ኃይለኛ ነው፤ በመስኮት በኩል የሚገባው ብርሃን ልብሱ ላይ እንዳያርፍ መጋረጃው ይዘጋ። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ብዙ አያሳስብም። በክረምት ግን፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ የክፍሉ አየር እርጥበት ከ65 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ ለመብቀል ይመቸዋል፤ ልብሱን ከውጭው ግድግዳ አርቆ ማስቀመጥና ቁም ሣጥኑን ከፍቶ አየር ማስገባት ያስፈልጋል። ካውያ የግድ ከሆነ በጀርባው በኩል፣ በመካከል ንጹሕ ጨርቅ ተደርጎ ይተኮስ፤ ከፋይንና ወርቀ ዘቦን ግን ካውያ አይንካቸው።

ልብስን በዕጣንና በወይባ ጢስ ማጠን የቆየ ባህል ነው፣ መዓዛውም ያስደስታል። ነገር ግን ጢሱ በፈትሉ ላይ የሚተወው ቅባት ነጩን ጥጥ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ስለሚያደርገው፣ የእኔ ምክር ገላን አጥኖ ልብሱን ከዚያ በኋላ መልበስ ነው። በዚህ የማይስማሙ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ለዘወትር ነጠላ ምክራቸው ይሁን፣ ለሃምሳ ዓመት ቀሚስ ግን አልመክርም።

ወደ ደሴቶቹና ወደ ዘጌ የሚሻገር ሰው በጠዋት ይሂድ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ ማዕበሉ ጀልባው ውስጥ ውኃ ይረጫል፤ ግልገል ዓባይ፣ ርብና ጉማራ በክረምት ደለል ይዘው ወደ ሐይቁ ስለሚገቡም የሚረጨው ውኃ ንጹሕ ላይሆን ይችላል። ጀልባው ላይ ከመውጣትዎ በፊት መቀመጫውን በእጅዎ ይዳስሱ፤ እርጥብ ወይም የሞተር ዘይት የነካው ከሆነ የያዙትን አቡጀዲ ደርበው ያንጥፉ፣ ከሞተሩም ራቅ ብለው ከፊት በኩል ይቀመጡ። ካባውንና ኩታውን ለማቋረጫው ያህል ብቻ ውኃ በማያስገባ ከረጢት መያዝና እንደ ወረዱ ወዲያው ማውጣት ተገቢ ነው። በዘጌ ከወደቡ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ስለሚያልፍ የነጠላውን ዘርፍ ሰብስቦ መያዝ ያስፈልጋል። ቅርንጫፍ ክር መዝዞ ካወጣ ክሩን አይቁረጡት፤ ከተቆረጠ ሽመናው ከዚያ ይፈታል። መርፌን ከመዘዙ ሥር ከጀርባ ወደ ፊት አስገብተው፣ ክሩን በመርፌው ዓይን ይዘው ወደ ጀርባ ይሳቡት፣ ከዚያም በዙሪያው ያለውን ጨርቅ በጣቶችዎ ቀስ አድርገው እያላሉ ያስተካክሉት።

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጧፍ ሰም ቢንጠባጠብ በሙቀቱ አይፈተግ። እስኪጠነክር ይጠብቁና በጥፍርዎ ገፍፈው ቀሪውን ቤት ሲደርሱ በሁለት ነጭ ወረቀት መካከል በለዘበ ካውያ ያስመጥጡት። ጭቃም እንዲሁ ደርቆ ይራገፋል፤ በእርጥቡ ከታሸ ወደ ክሩ ውስጥ ይገባል። በሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ ሲበሉ የዘይት ጠብታ ቢያርፍ ውኃ አያፍስሱበት፤ የበቆሎ ዱቄት ወይም ፓውደር ነስንሰው ለጥቂት ሰዓት ይተዉት፣ ዘይቱን ሲመጥ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት። እርድ የገባበት ወጥ ከሁሉም ይከፋል፤ ወዲያውኑ በቀዝቃዛ ውኃና በለዘበ ሳሙና ከጀርባው በኩል ይታጠብ፣ ካልለቀቀም በጥላ ሥር ሳይሆን ለአጭር ጊዜ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ቢጫው ይደበዝዛል። ይህ ከፀሐይ ለመራቅ ለተሰጠው ምክር ብቸኛው ልዩ ሁኔታ ነው።

ልብሱን በሐይቁ ውስጥ ማጠብ ግን አይገባም። ደለሉ ነጩን ያጠቁረዋል፤ ከዚህም በላይ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ ስለሚገኝ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆሞ ማጠብ ለአጣቢው አደጋ ነው። እዚህ ላይ እንዶድን ማንሣት ተገቢ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው ነው የእንዶድን ኃይል ያጠኑት። ያው እንዶድ ለቆየ ሸማም የታወቀ ማጠቢያ ነው፤ ደቅቆ በውኃ ሲዘፈዘፍ አረፋ ያወጣል፣ ውኃውም በንጹሕ ጨርቅ ተጣርቶ ልብሱ ይነከርበታል። ሳይጨመቅ፣ በፎጣ መካከል ተጠቅልሎ ውኃው እንዲመጠጥ ይደረጋል፣ ከዚያም ተዘርግቶ ይደርቃል።

ጥለቱ ከተበጠሰ ወደ ልብስ ሰፊ ሳይሆን ወደ ሸማኔ ይወሰድ። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ተሂዶ በደብረ ታቦር መንገድ አጠገብ የሚገኘው የአውራምባ ማኅበረሰብ በሽመና የታወቀ ነው፤ በከተማውም ሸማኔዎች አሉ። ለሸማኔው የተበጠሰውን ክር ራሱን ያሳዩት፣ የሚተካውም በእጅ የተፈተለ እንዲሆን ይጠይቁ፤ ከአሮጌው ጥለት የተቆረጠ ነገር ካለም አይጣል፣ በአቡጀዲ ተጠቅልሎ ከልብሱ ጋር ይቀመጥ፤ ለሚቀጥለው ጥገና ቀለሙንና ውፍረቱን የሚያመሳክሩት በእርሱ ነው።